ዓሣና ጎመን፤ ለወጣቱ ሠራተኛ እራት

ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ በከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት፣ ተማሪም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ያለቀበት እንደ ሆነ ጥፋቱን የሚጥለው በቤት ኪራይ፣ በታክሲና በልብስ ላይ ነው። በእውነቱም እነዚህ ቀላል ወጪዎች አይደሉም። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ከምናውቃቸው ጥቂት ወጣቶች ጋር እርሳስና ወረቀት ይዘን ስናሰላው፣ ሳይታወቅ ከኪሳቸው የሚፈሰው ገንዘብ ወደ ምግብ ቤት የሚሄደው ሆኖ አገኘነው። ምሳ በምግብ ቤት፣ እራት በምግብ ቤት፤ ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ደግሞ ዳቦና ሻይ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ትምህርቱን በማዕርግ ፈጽሞ ሥራ የያዘ ብርቱ ወጣት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በክፍሉ እሳት አንድዶ ያፈላው ነገር ቢኖር የሻይ ውሃ ብቻ መሆኑን ሲነግረን ጥቂት እንኳ አላፈረም። ያፈረው «ታዲያ ለምን ራስህ አትሠራም?» ብለን በጠየቅነው ጊዜ ነው። «እኔ?» አለን፤ «ጎረቤት ምን ይለኛል!»

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ «ጎረቤት ምን ይለኛል» ስለሚባለው ነገርና፣ ማናቸውም ወጣት ከ60 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በገዛ እጁ ሊያዘጋጀው ስለሚችለው አንድ እራት ነው። እራቱም የተጠበሰ ነጭ ዓሣና ጎመን ነው።

ባልትና በአገራችን የሴት ሙያ ተብሎ የኖረ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ማጀት ገብቶ ድስት ሲያማስል የተገኘ ወንድ ሲሳቅበት ያላየ የለም። ነገር ግን ይህ ሳቅ ሲመረመር ሥር የለውም። በትልልቅ ሆቴሎች ነጭ ቆብ ደፍቶ በደመወዝ የሚጠብሰው ወንድ የተከበረ ባለሙያ ይባላል፤ ያው ሰው በቤቱ ለራሱ ወይም ለልጆቹ ሲጠብስ የሚታማበት ምክንያት ምንድን ነው? ደመወዝ ስላልተከፈለው ነውን? ደግሞም ዘመኑ ተለውጧል። ባልና ሚስት ጠዋት በአንድ ሰዓት ወጥተው ማታ በአንድ ሰዓት ይገባሉ። ሁለቱም እኩል ደክመው ሳለ አንደኛው ሽንኩርት ሲከትፍ ሁለተኛው ጋዜጣ ዘርግቶ እራት የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሚያነበው ጋዜጣ ይኸው የእኛው ቢሆን እንኳ፣ ሥራውን ትክክል ነው ልንለው አንችልም። ያላገባውም ቢሆን፣ የሚያበላው ሰው ያጣ ዕለት ጾሙን የሚያድር ከሆነ ጎልማሳ ሆኛለሁ ማለቱ ገና ጥቂት ይቀረዋል።

ለጀማሪ ግን ዶሮ ወጥ ሥራ ብሎ የሚመክር ሰው መካሪ ሳይሆን ጠላት ነው። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ብቻ የሚፈጀው ጊዜ፣ ዶሮዋን በ12 ብልት መገነጣጠሉ፣ የማጠቡ ጣጣ፣ ይህ ሁሉ ለዓመታት ከእናት ሥር ሆኖ የሚለመድ ትልቅ ሙያ ነው። ዓሣ ከዚህ ሁሉ ይለያል። የከብት ሥጋ እስኪለሰልስ ረዥም ጊዜ የሚፈልገው በጡንቻው ውስጥ ያለው ማያያዣ ብዙና ብርቱ ስለ ሆነ ነው። ዓሣ ግን ሰውነቱን ውሃው ስለሚሸከምለት ጡንቻው አጫጭር ንብርብር ነው፤ ንብርብሩን የሚያያይዘውም ስስ ሽፋን በጥቂት ሙቀት ይቀልጣል። የሥጋው ሙቀት ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መስተዋት መስሎ የነበረው ሥጋ ነጭ ይሆናል፤ በሹካ ሲነኩትም ቅጠል በቅጠል ይላቀቃል። ያን ጊዜ በስሏል። ከዚያ በኋላ በእሳት ላይ የሚቆየው እያንዳንዱ ደቂቃ ያደርቀዋል እንጂ የሚጨምርለት ነገር የለም። «ዓሣ አልወድም» የሚሉ ብዙ ሰዎች የጠሉት ዓሣን ሳይሆን እንደ ቋንጣ ደርቆ የቀረበላቸውን ዓሣ ይመስለናል።

የደጋው ሰው ከዓሣ ጋር ያለው ትውውቅም ጥቂት ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከደንገል በተሠራች ታንኳ ዓሣ እያጠመዱ ሲኖሩ፣ ከሐይቁ አንድ ቀን መንገድ የራቀው ባላገር ዓሣን እንደ እንግዳ ነገር ሲያየው ኖሯል። ዛሬ ግን ከዝዋይ እስከ አዲስ አበባ ያለው 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የጥቂት ሰዓት ጉዞ ነው፤ ሐዋሳም ቢሆን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ሌሊት ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በማግስቱ በዋና ከተማው ገበያ ሊገኝ ይችላል። በጾም ወራት ፈላጊው እንደሚበዛም የታወቀ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ ልንፈርድበት አንደፍርም፤ ሁሉም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ገበያ እንሂድ። «ነጭ ዓሣ» የሚለው ስም ራሱ ጀማሪውን ያሳስታል። በጣና ዙሪያ ነጭ ዓሣ የሚሉት የባርበስን ወገን ነው፤ ሥጋው ጣፋጭ ሆኖ ሳለ በሥጋው መካከል የተሰገሰገው ቀጭን እሾህ ብዙ ስለ ሆነ ችኩል ሰው አይበላውም። በጫሞና በአባያ ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ሌላው ዓለም ናይል ፐርች የሚለው ነው። ይህኛው ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል ግዙፍ ስለ ሆነ ለቤት የሚገዛው ተቆርጦ ወይም ፊሌቶ ሆኖ ነው፤ እሾሁም ትልልቅና በቀላሉ የሚለቀም ነው። ሦስተኛው በሁሉም ገበያ የምናገኘው ቆሮሶ ነው። አንዱ ቆሮሶ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ሥጋው ነጭ፣ ጠረኑም ለዘብ ያለ ነው። ለጀማሪ የምንመክረው ይህንኑ ነው። አምባዛ ርካሽና ሥጋው ብዙ ቢሆንም ቅርፊት የሌለው ስለ ሆነ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላው ሰው ብዙ ነው፤ እንግዳ የጠራ ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

የጣናው ነጭ ዓሣ ነገር እግረ መንገዳችንን የሚነሣ ሌላ ጉዳይ አለው። በጣና ከሚገኙት 15 ያህል የዚህ ወገን ትልልቅ ዓሦች አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ብዙዎቹም በክረምት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ሲጎርፉ በወንዝ አፍ በተዘረጋ መረብ ይታፈሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶችም በእጅጉ መመናመናቸውን አሳይተዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ነገር ግን አዋጅ ገበያ ወጥቶ ዘንቢል አይሞላም፤ የሚሞላው ገዢው ነው። እናቲቱ ቆሮሶ ዕንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናት። መዳፍ የማትሞላውን ግልገል በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚገዛ ሰው የሚያተርፈው እሾህ ብቻ ነው፤ ሐይቁንም ይጎዳል።

የዓሣ ትኩስነት በሦስት ነገር ይታወቃል። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ነው፤ ያረጀው ዓሣ ዓይን ይደፈርሳል፣ ይጎደጉዳልም። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይሞላል። በጉንጩ ክዳን ሥር ያለው መተንፈሻው ደግሞ ቀይ ነው፤ ወደ ቡናማነት ከተለወጠና ከከረፋ መተው ይሻላል። «ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» የሚለውን ተረት ወጣት ሠራተኞች ስለ አለቆቻቸው ሲናገሩት ሰምተናል፤ በገበያ ግን ለዓሣውም ይሠራል። ለመጠየቅም ማፈር አያሻም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት «እትዬ፣ ይህ መቼ የመጣ ነው?» ብለን አንዲት ሻጭ ብንጠይቃቸው፣ «ዓይን የለህም እንዴ፣ ልጄ? ዓይኑን በዓይንህ እየው!» አሉን። ከዚያ የተሻለ ትምህርት አላገኘንም። ቅርፊቱን እንዲፍቁ፣ ሆዱን ከፍተው እንዲያጸዱ ገበያው ላይ ማስደረግ ጥበብ ነው፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ቅርፊት የፋቀ ሰው ለሳምንት ከአልጋው ላይ ይለቅማል። የተገዛው ዓሣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚያድር አይደለም፤ በዕለቱ መሠራት አለበት።

ለሁለት ሰው የሚያስፈልገው፣ ከተጸዳ በኋላ ከ700 ግራም እስከ አንድ ኪሎ የሚሆን ቆሮሶ፣ ማለት አንድ ትልቅ ወይም ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት እስር ጎመን፣ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ሁለት ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነው። የሥጋ መጥበሻ ቅጠል ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ እራቱ አይቀርም።

ጎመኑ ይቀድማል፣ ምክንያቱም ከዓሣው ይልቅ ጊዜ የሚወስደው እርሱ ነው። አፈር እስከማይታይበት ድረስ በተደጋጋሚ ይታጠባል፤ ወፍራሙ አገዳ ይወጣል፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ በቀጭኑ ይከተፋል። ሽንኩርቱንና ግማሹን ነጭ ሽንኩርት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ካለሰለሱ በኋላ ጎመኑ ይጨመራል፤ ግማሽ ብርጭቆ ውሃና ጥቂት ጨው ይከተላል። ብዙ ውሃ ውስጥ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከውሃው ጋር የሚደፋው በጎመኑ ውስጥ የነበረው ቪታሚን ሲ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ከለመደው ጥቂት ዘግይቶ ቢያገኘው እሳቱን አይማ። ቃሪያው በመጨረሻ ይገባል። ሎሚ ግን ጎመኑ በእሳት ላይ ሳለ አይጨመቅበትም፤ ጎምዛዛው አረንጓዴውን ቀለም ያጠወልገዋል።

ዓሣውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ከልብ እንዲያዝልን እንፈልጋለን፤ እርሱም ደረቅ መሆኑ ነው። ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። እኛና አንድ ባልደረባችን መጀመሪያ ዓሣ ለመጥበስ በሞከርንበት ቅዳሜ፣ ታጥቦ ውሃው የሚንጠባጠበውን ዓሣ ገና ባልጋለ መጥበሻ ላይ አጋደምነው። ከዚያም «በሰለ ይሆን?» እያልን በየደቂቃው እናገላብጠው ጀመር። ቆዳው ከመጥበሻው ተጣበቀ፣ ሥጋው ተፈረካከሰ፤ በመጨረሻም በሳሕን ያቀረብነው ነገር ጥብስ ይሁን ፍርፍር ለይቶ የሚናገር ሰው ጠፋ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በቆዳው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን በማትነን ያልቃል፤ ቆዳውም ይቀቀላል እንጂ ቡናማ ሆኖ አይጠበስም። ስለዚህ ዓሣው ውስጡም ውጭውም በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። በሁለቱም ጎኑ እስከ አጥንቱ የሚደርስ ሦስት ሦስት ጊዜ በቢላዋ ይሰነጠቃል፤ ይህ ሙቀቱን ወደ ወፍራሙ ሥጋ ያደርሰዋል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የተረፈው ነጭ ሽንኩርት በስንጥቁ ውስጥ ይታሻል፤ የሥጋ መጥበሻ ቅጠሉና ጥቂት የሎሚ ቁራጭ በሆዱ ይገባሉ። ጎመኑ እስኪበስል እንዲህ ተጨው ይቆያል። እሳት ላይ ሊወጣ ሲል ያዠውን ውሃ እንደ ገና መጥረግና ቆዳውን ዘይት መቀባት ነው።

ኦቨን ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። በ200 ዲግሪ አስቀድሞ አግሎ፣ ለግማሽ ኪሎው ዓሣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ቡናውን ሊያፈላም ይችላል። ፊሌቶ ከሆነ ግን በጣም ያንሳል፤ ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት 10 ደቂቃ ያህል በቂ ነው። አብዛኛው አንባቢያችን ያለው ግን አንድ መጥበሻና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ መሆኑን አንስተውም። ይህም አያሳፍርም፤ እኛም የምንሠራው በእርሱ ነው። መጥበሻው በደንብ ይግላል፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ዓሣው። ከዚያም እጅን ኪስ ውስጥ ማስገባት ነው። ለስድስት ደቂቃ ያህል አይነካም። ቆዳው ሲጠበስ ራሱ መጥበሻውን ይለቃል፤ ካለቀቀ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል፤ እሳቱ ለዘብ ይልና በክዳን ተሸፍኖ ሌላ ስድስት ወይም ሰባት ደቂቃ ይቆያል። በአከርካሪው አጠገብ ያለው ወፍራሙ ሥጋ በሹካ ተከፍቶ ይታይ፤ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከለቀቀ አበቃ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬውን በአዋዜ የሚበሉ እንዳሉ እናውቃለን፤ ለጥገኛ ትል በር የሚከፍት ስለ ሆነ ለማንም አንመክረውም።

ከሰል ላይ የተጠበሰ ዓሣ ጣዕሙ ከሁሉ እንደሚበልጥ አንክድም። ነገር ግን ይህ የሚደረገው በግቢ ውስጥ፣ በአየር ላይ ነው። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው ብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት ሞትን መጋበዝ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውየው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ይተኛል፣ አይነሣም። በየክረምቱ በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ሕይወት የሚያሳዝን ነው፤ ከሟቾቹም አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች ይገኙበታል። መብራት በጠፋበት ምሽት ዳቦና ሻይ ይሻላል።

ሁለቱ በአንድ ሳሕን ከቀረቡ በኋላ ሎሚው አሁን ይጨመቅ፤ በዓሣውም በጎመኑም ላይ። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን ብቻውን የሚወስደው በጥቂቱ ነው፤ የሎሚው ቪታሚን ሲ ግን አወሳሰዱን ያሻሽለዋል፤ ዓሣውም ራሱ እንዲሁ ያግዛል። ከጥሬ ቆሮሶ 100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ስቡም ጥቂት ነው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ወይም መዝገብ የሚጠብቀው ሰው ከዚህ ምግብ ሲነሣ እንቅልፍ አይጥለውም። ከእንጀራም፣ ከዳቦም፣ ከተቀቀለ ድንችም ጋር ይስማማል። ቆሮሶም ቢሆን እሾህ አለውና በጣት እየለቀሙ ቀስ ብሎ መብላት ይገባል፤ ከዚህ የተነሣ ስለ ፖለቲካ መከራከር የሚወድ እንግዳ ለጥቂት ጊዜ ዝም ማለቱ ሌላው ጥቅሙ ነው።

ያን ስለ ጎረቤት የፈራውን ወጣት ባለፈው ወር አገኘነው። ዓሣውን በርግጥ ጠብሷል፤ የመጀመሪያውን እንደ እኛው አበላሽቷል፣ ሁለተኛው ተሳክቶለታል። ጎረቤቶቹስ ምን አሉ? የፈራው ሳቅ አልቀረም፤ በማግስቱ ግን የግቢው ባለቤት እማማ በሩን አንኳኩተው፣ «ትናንት ማታ የሸተተኝ ምንድን ነው፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለሾርባ አስቀምጦ ኖሮ፣ ከአንድ ድንችና ከአንድ ካሮት ጋር ለግማሽ ሰዓት አፍልቶ አጠለለና አንድ ሳሕን አቀረበላቸው። ጨው አንሶታል አሉት። መጥበሻውን ግን እስከ ማግስቱ ሳያጥብ መተዉን አይተው የተቆጡት ቁጣ፣ እርሱ እንደ ነገረን ከሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ አለቃ ቁጣ ይበልጥ ነበር።